ግራሩ ያያት እናቴ

ወንድሜ እናታችንን ለእስር ሊዳርጋት የነበረው በክፋት አይደለም። ክፋት ቢሆንማ ይገባኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ይሸሹታል፣ ነገሩ ያልቃል። የእሱ ግን ጥበብ ነበር። ናዝሬት ዳር የቆመች አንዲት ግራር ቀኑን ሙሉ ምን እያየች እንደምትውል ለማወቅ ብሎ ነው እናቴን ወህኒ በር ያደረሳት። ይህን ሳወራ የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅኩበትም።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ገበሬውን ስለ አፈር ጥበቃና ስለ ዛፍ ተከላ የሚያስተምር። እኔ የትምህርቱን ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። እሱ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ፣ ሥዕሉ እንጀራ አልሆን ብሎት ቤት ሲቀመጥ፣ አለቃዬን ደጅ ጠንቼ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ዋስ ሆኜ የፈረምኩለትም እኔው ነኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ብዕር። በዚያን ጊዜ ከውጭ በእርዳታ አንድ የቪዲዮ ካሜራ መጥቶልን ነበር፤ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ካሴቱን እንዳለ የሚውጥ። ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ከተማ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዴት ይከበር እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ወንድሜ ካሜራውን በተረከበ በሳምንቱ ያን ክብር ገደል ከተተው።

«እትዬ፣ ሰው ስለ ዛፍ ሲያወራ ሰምተናል፤ ስለ ወንዝ ሲያወራ ሰምተናል» ይለኛል። «እነሱስ እኛን ሲያዩ ምን ያያሉ? ካሜራውን ለእነሱ መስጠት ነው።»

«ካሜራው የመንግሥት ነው» እለዋለሁ።

«ዛፉስ የማን ነው?» ይለኛል።

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይባላል? በጎርፍ የተቦረቦረ መሬት አንስተህ ና ተባለ። ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ካለ ቦረቦር ውስጥ ወርዶ፣ ካሜራውን በጀርባው አጋድሞ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰማይ ቀድቶ መጣ። አንድ ደመና ከቀኝ ገብቶ በግራ ይወጣል፤ ሌላ ምንም የለም። መሬቱ የታለ ስለው፣ «መሬቱ እኮ ነው የሚያየው፤ ዝናቡን እየፈራ ነው የሚውለው» አለኝ። እኔ ለዚያ ፊልም ስለ እርከን አሠራር ስምንት ገጽ ጽፌ ነበር።

ቀጥሎ ስለ እርሻ ተባለ። ይህን ጊዜ ብቻውን አልለቀውም ብዬ አብሬው ሄድኩ። መልካሳ አካባቢ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» ብለው በክብር ተቀበሉን። ወንድሜ አስፈቅዶ ካሜራውን ቀንበሩ ላይ በጠፍር አሰረው። ሽማግሌው ካሜራውን አዩና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይህ በሬ ምን አጥፍቶ ነው ፎቶ የሚነሳው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የምራቸውን ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳው ሰው ሲታሰር ወይም መታወቂያ ሲያወጣ ነው።

ምንም አላጠፋም አባባ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ሦስተኛው የባሰ መጣ። የዛፍ ተከላ ዘመቻ ነበር፤ ከበላይ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው የመጀመሪያዋን ችግኝ እንዲተክሉ ተዘጋጅቷል። ወንድሜ ካሜራውን በአንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ፣ በላዩ መስታወት ከድኖ፣ ችግኝ ስትተከል የምታየውን አነሳሁ አለ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አለቃችን ከአንድ ካድሬ ጋር ሆኖ የሳምንቱን ቀረጻ የማየት ደንብ ነበር። ቁጭ ብለን አየን። መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ የጫማ ሶል። ትልቅ፣ ቴሌቪዥኑን ሙሉ የሸፈነ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላ የጫማ ሶል። ከዚያ አካፋ አፈር፣ ከዚያ ጨለማ። ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ የታለ?» አለ አለቃችን በመጨረሻ። «የሚመጣው ሰኞ ሕዝብ እናያለን። ካላየን ሌላ ሰው ይያዘው።»

ወንድሜ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ሕዝብ ተፈለገ፣ ጥሩ፤ ሕዝብን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው ማን ነው? ዛፍ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጋሪ መንገዱ በሚያልቅበት ሜዳ ላይ አንዲት ሰፊ ግራር ነበረች፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጥላዋ ሥር አረፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ካሜራውን ከቅርንጫፎቹ መሃል አሰረው። ጆንያ አለበሰው፣ አስነሳው፣ ጥሎት ሄደ። ሰው ካሜራ ሲያይ ይዋሻል የሚል ፍልስፍና ነበረው። ባትሪው አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ሰዓቱ ሲሞላ ተመልሶ አወረደው። የመንግሥት ካሜራ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ብቻውን። ይህን በኋላ ሲነግረኝ ተቀምጬ ነበር፤ ደግ ነው።

አሁን የእናቴን ነገር ልናገር። እኛ ቤት ጴንጤ ነበርን፤ ያኔ ጎረቤት ይህን ቃል የሚጠራው ድምፁን ቀንሶ ነው። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል። ሰው ቤት ተሰብስቦ መጸለይም አይቻልም፤ የቀበሌ ጥበቃዎች በር ላይ የወለቀ ጫማ ቆጥረው የሚገቡበት ጊዜ ነበር። እናቴ ይህ ሁሉ ከመጣ ወዲህ ስለ ጸሎት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም ፈርታ ተወችው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ ብዬ ነበር። ብቻ ረቡዕ ረቡዕ ለቅሶ ትሄዳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ «የእንትና ዘመድ ሞቶ» ብላ ትወጣለች። የጦር ግንባር መርዶ በየመንደሩ በሚረዳበት ጊዜ ለቅሶ ማን ይቆጥራል? ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ጥበቃውም መንገድ ይለቅላታል፣ ካድሬውም ባርኔጣውን ያነሳላታል። በሳምንት አንድ ሰው እየሞተ እንዴት ይዘለቃል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሠራተኛው ሥራ ጨርሶ ሲወጣ፣ ወንድሜ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «እትዬ፣ ነይና አንድ ነገር እዪ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። የቪዲዮ ክፍሉን በር ቆልፎ ካሴቱን ከተተ። እሱ አስቀድሞ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶታል፤ ሦስት ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ነው። ዳርና ዳሩን ቅጠል ይወዛወዛል። አንዲት ጉንዳን መስታወቱ ላይ ወጥታ ዞር ዞር ብላ ትወርዳለች። አህያ መጥታ ግንዱን ትታከካለች፣ ዛፉ ሲነቃነቅ ሁሉ ነገር ይነቃነቃል። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ወደ ላይ ሳያይ፣ ጉዳዩን ይፈጽማል። ልስቅ ነበር። ከዚያ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰባት ሴቶች መጡና ጥላው ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ለቅሶተኛ ናቸው አልኩ በልቤ። አንደኛዋ ግን ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አኖረቻቸው፣ ጫፋቸውንም በመዳፏ እኩል አደረገች። በዓለም ላይ ሜዳ ላይ ጫማ እንደዚያ የሚያስተካክል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

«እማዬ ናት» አልኩ።

«እማዬ ናት» አለ እሱ፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ እንጃ።

ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ላይ፣ ወደ ካሜራው፣ ወደ እኛ። ወንድሜ ድምፁን ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ መታሁት። መስኮቱ ሥር ዘበኛው ተቀምጧል።

«ግድ የለሽም፣ ትንሽ ስሚ» አለኝ።

«ምንድነው የሚሉት?»

«የታሰሩትን ይጸልዩላቸዋል። በየስማቸው።»

በየስማቸው። ሰኞ ጠዋት ይህን ካሴት አለቃችን ያየዋል፣ ካድሬው ያየዋል። ካድሬው የናዝሬት ልጅ ነው፤ ሰባቱንም ሴቶች ያውቃቸዋል፣ ያን ረቡዕ ሰው እንዳልሞተም ያውቃል። እናቴ ስኳር አለባት፣ እግሯ ያብጣል። እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ አንድ ወር አትቆይም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ግን እዪው እንጂ፤ ዛፉ እንዴት አድርጎ እንዳየልን።»

በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር። «ካሴቱን ልደብቀው፣ ጠፋ ልበል» ይላል ደግሞ። ያሉን ሦስት ካሴቶች ናቸው፤ በቀይ ቀለም ተቆጥረዋል፣ ሦስቱም ሰኞ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ቤታችን ይፈተሻል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በላዩ ሌላ ነገር መቅዳት። ይህን ስነግረው ፊቱ እንዴት እንደሆነ አልገልጸውም። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ጥሩ ነገር መሥራት ይፈልግ ነበር። ሠራው። እኔም በሠራው በሦስተኛው ቀን አጥፋው አልኩት።

«ትንሽ ቆዪ፣ እማዬ ትየውና» አለ።

«እማዬ እንዴት አድርጋ ነው የምታየው?»

በሩ ተንኳኳ። ጠርቷት ነው። ካሴቱን ለእኔ ሳያሳየኝ፣ ለእናቴ ፊልም ውስጥ አለሽ ብሎ ልኮባታል። እሷም ለዘበኛው ለልጆቼ ምሳ ላደርስ ነው ብላ፣ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ፣ ነጠላዋን እንደ ደንቡ አጣፍታ ገባች። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር አንድ ቤት ያደግኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

መጀመሪያ ተቆጣኋት። እማዬ፣ ስንት ዓመት ዋሸሽን አልኳት። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ለቅሶ ነው እኮ፣ ምን ዋሸሁ፤ ስለታሰሩብን ሰዎች እናለቅሳለን» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። ራሷን ከላይ፣ ከጀርባዋ፣ አይታ አታውቅም።

«ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል?» አለች።

«ስታጎነብሺ ነው እንዲያ የሚመስለው» አላት ወንድሜ።

«ድምፅ የለውም?»

«አለው። እትዬ አትሰሙም አለች።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ሰዓቴን አየሁ። ዘበኛው ከመስኮቱ ሥር ሲያስል ሰማሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሌሎቹ ሴቶች ዝም ብለው እሷ ብቻዋን እጇን ዘርግታ አፏ ይንቀሳቀሳል። «እዚህ ጋ ለእናንተ ነው» አለችኝ፣ በጣቷ እየነካች። «ትንሽ ቆዪ፣ ልጨርስ።»

«እማዬ፣ ጨርሰሽዋል፤ ረቡዕ ነው የጨረስሽው» አልኳትና ማጥፊያውን ተጫንኩ።

ካሴቱን አውጥቼ፣ ካሜራው ውስጥ ከትቼ፣ መጀመሪያው ላይ መልሼ፣ ካሜራውን መስኮቱ ላይ ወደ ግቢው አዞርኩና አስነሳሁት። ካሜራው ድምፅም ስለሚቀዳ አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስታችን ሳንናገር ተቀመጥን። ምን ዓይነት ሰዓት ነበር። አንድ ሾፌር ላንድሮቨር ያጥባል። ዶሮዎች ይጭራሉ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተቀመጠው። እናቴ ባዶውን ምሳ ዕቃ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ያለ ድምፅ ታንቀሳቅሳለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰዓቴን ብቻ ነበር የማየው። አሁን አህያዋ ጠፋች፣ አሁን ባለጋሪው ጠፋ፣ አሁን ጫማዎቹ ጠፉ እያልኩ እቆጥር ነበር። የመጨረሻዋ ደቂቃ ስታልፍ እንደ ሸክም ነው ከላዬ የወረደልኝ። እናቴን አዳንኳት አልኩ። አዳንኳትም፤ ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም።

ሰኞ ጠዋት አለቃችንና ካድሬው አንድ ሰዓት የመሥሪያ ቤታቸውን ግቢ አዩ። ላንድሮቨሩ ታጥቦ አለቀ።

«ይህ ምንድነው?» አለ አለቃችን።

«መስኮቱ የሚያየው ነው፣ ጓድ» አለ ወንድሜ። ወደ እኔ ዓይኑን እንኳ አላዞረም። በዚያው ቀን ከካሜራው ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ፤ ማዳበሪያና አካፋ ሲያስረክብ ኖረ። ከዚያ ወዲያ ካሜራ አልያዘም፤ እርሳስም ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ጮሆብኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሲሄድ ሲመጣ «እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ» ይለኛል፣ ያንኑ ድሮ የሚለውን።

እናቴስ? በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። «ማን ሞተ?» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ። «ማንም ልጄ፣ ተመስገን» ብላኝ ሄደች። ግራሯን ግን ትተው ሌላ ቦታ ፈልገው ነበር፤ ያን ያህል አዝናልኛለች።

ደርግ ሲወድቅ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። እናቴ ያለ ለቅሶ ልብስ፣ በቀን ብርሃን፣ በዋናው መንገድ ሄደች። ጥቂት ዓመት እንዲህ ሄዳ፣ ስኳሩ በርትቶባት፣ በአልጋዋ ላይ ዐረፈች። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ ስንፈልግ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ። ፎቶ አንሺው አትንቀሳቀሺ ብሏት ፊቷ እንደ እንጨት ደርቋል። ያን አሳድገን አስቀመጥነው። የመጣው ሰው ሁሉ «እሷን አይመስልም» ይላል። አውቃለሁ አይመስልም። የምትመስልበትን፣ እጇን ዘርግታ፣ ነፋሱ ነጠላዋን ሲያነሣው፣ አፏ ሲንቀሳቀስ ያለበትን፣ በላንድሮቨር እጥበት የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

በሠልስቱ ዕለት ቀትር ላይ ወንድሜ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሽበት ወርሮታል። ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሴቶች አሉ። ስንት ዓመት ልጠይቀው እያልኩ የተውኩትን ያን ጊዜ ጠየቅኩት።

«ምን ትል ነበር?»

ምኑን አላለኝም። «ለሁላችንም ተራ በተራ ነበር» አለ። «ለእኔ አጭር ነው፤ ሥራ ስጠው አለች።»

«ለእኔስ?»

ቃል በቃል፣ እንደ ተማሪ፣ አነበነበልኝ። «‹ጌታ ሆይ፣ ትልቋ ልጄ ቤቱን ሁሉ ተሸክማ ደክማለች። ቁጣዋ ከድካም ነው። እኔ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ማንም እንዳይቀየማት አድርግ።› እንዲህ አለች።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ይዘህ ዝም ትላለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። የመጨረሻውን ቃል ለቅሶ ቆረጠብኝ። በሙሉ ድምፄ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የእናቴ ፎቶ ፊት። ሴቶቹ ዞር አሉ። እሱ ሊመልስልኝ ሲል አንዲት ትልቅ ሴት ክንዱን ይዘው «ተዋት ልጄ፣ ይውጣላት፣ ታልቅስ» አሉት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር።